የዝቃጭ እናት

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት የወይራ አምባ ባለወርክሾፖች በርሜሎቻቸውን ወደ ደጃፍ አውጥተው ከጎናቸው ይቆማሉ። መኪናው ቀስ ብሎ ይመጣል። ዘር ቆጣሪው ይወርዳል፣ በርሜሉን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱም በበርሜሉ ፋንታ ይመልሳል።

«የቀለም እጣቢ ነኝ» ትላለች ማንያህልሻል።

«አባትህ?»

«የጥር ዘጠኝ ሰማያዊ ገንዳ።»

«አያትህ?»

«በባቡር የገባ ዱቄት ቀለም፣ ከረጢት ቁጥር አራት መቶ ሁለት።»

«ቅድመ አያትህ?»

እንዲህ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቅም አያት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅላት። ሰባቱ ከሞሉ ቆጣሪው ማኅተሙን ያሳርፋል፤ በርሜሉም ተጭኖ ወደ ማደሪያ ይሄዳል። አንዱ ከጎደለ በርሜሉ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ደጃፍ ላይ ይቆያል፤ አላፊ አግዳሚውም እያየው ያልፋል። ማንያህልሻል ክር ማቅለሚያዋን ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንድም በርሜል ደጇ ላይ አድሮባት አያውቅም። ስለ ራሷ ዘር ቢጠይቋት ግን ከአያቷ በላይ መቁጠር አትችልም። የሚጠይቃትም የለም።

ማደሪያው ሩቅ ነው፤ በረሃው ውስጥ፣ ከጨው ሜዳው ሥር ተቆፍሮ የተሠራ፣ መንገዶቹ ስም ያላቸው የበርሜል ከተማ። እዚያ የገባ በርሜል ብቻውን አይተውም። በዓመት አንድ ቀን ወላጁ የሚባለው ባለቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል፤ አለመዝገጉን፣ አለማፍሰሱን አይቶ ይፈርማል። ወላጁ ከሞተ ልጁ፣ ከዚያም የልጅ ልጁ፣ እስከ ሰባት ቤት። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለዚህ ብቻ የተቀጠሩ ሠራተኞች አሏቸው። እንደ ማንያህልሻል ያሉት በጥቅምት ወር በአውቶቡስ ተሰባስበው ይሄዳሉ፤ ስንቅ ይይዛሉ፣ በመንገድ ይቀላለዳሉ፣ ሲመለሱ ግን ብዙም አያወሩም። እሷም የመጀመሪያውን ጊዜ አትረሳውም። አሳንሰሩ ሩብ ሰዓት ሙሉ ወረደ። በሩ ሲከፈት በረድፍ በረድፍ የቆሙት በርሜሎች መጨረሻቸው አይታይም ነበር፤ እያንዳንዱ ከነስሙ፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። አገሩ በሃያ አምስት ዓመት የጣለው ነገር ሁሉ እዚያ ቆሞ የሚጠብቃት መሰላት።

በየካቲት ሦስት ቀን 2068 ከወርክሾፑ ጓሮ፣ ከሞፈር ውሃ ወንዝ ዳር አዲስ የማጥለያ ጉድጓድ ሲቆፈር አካፋው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። የማቅለሚያው ኃላፊ ሰዓዳ ነበረች ከላይ ቆማ የምታሠራው። አፈሩን ጠረግ ሲያደርጉት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ብቅ አለ። ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም «ወ.አ. 1» ተብሎ ተጽፏል።

«ማንዬ፣ ነይ እስቲ!» አለች ሰዓዳ። «እንግዳ መጥቶልሻል።»

ማንያህልሻል ጉድጓዱን አየችና ተቀመጠች። ወርክሾፑ የቆመበት መሬት ከአርባ ዓመት በፊት የተዘጋው የቆዳ ፋብሪካ ጓሮ እንደነበር ታውቃለች። ስትገዛው ንጹሕ ነው ተብሎ ተፈርሞላታል።

ቆጣሪው ጋሽ ይርዳው ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ቀስ ብለው ወረዱ፤ እጃቸውም ከልማድ የተነሳ በርሜሉን መታ መታ አደረገ።

«ማን ነህ?»

ማንም አልመለሰም። ቆፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንያህልሻል በሥራ ዘመኗ ይህ ጥያቄ ተጠይቆ ዝምታ ሲከተለው የሰማችው ያን ቀን ነው።

«አሳዳጊ የበደለው ነው» አለች ሰዓዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሾፌሮቹ ወላጅ ያልተገኘለትን በርሜል እንዲህ ነበር የሚጠሩት።

«አሳዳጊውን አሁን መስደብ አይበጅም» አሉ ጋሽ ይርዳው ልብሳቸውን እያራገፉ። «ምናልባት አጠገብሽ ቆማ ይሆናል።»

ሕጉን ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ወላጁ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተገኘ፣ በርሜሉ የተገኘበት ግቢ ባለቤት አሳዳጊ ሆና ትመዘገባለች። ዘሩ ያልተቆጠረ ነገር ማደሪያ አይገባም፤ ባለበት ይታጠርበታል። ባለበት ደግሞ ሁለት መቶ ሜትር ዙሪያ ምንም ሥራ አይሠራም። ወርክሾፑ ከበርሜሉ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ነው።

«ስለዚህ ይዘጋል» አለች ማንያህልሻል።

«መጋቢት ሦስት፣ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት። ከዚያ በፊት እናት ወይ አባት አምጪለት።»

የቆጣሪዎቹ የመዝገብ ስክሪን የሚያውቀው ሕጉ ከወጣበት ከ2031 ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ቆጣሪዎች «ጨለማው» ይሉታል። ለጨለማው የቀረ ነገር ቢኖር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም በወረዳው መዝገብ ቤት ነው። ማንያህልሻል ሥራውን ለሰዓዳ ትታ መዝገብ ቤት መመላለስ ጀመረች። የቆዳ ፋብሪካው ስልሳ ሁለት ካርቶን ትቶ ሄዷል። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። የፈቃድ መጠየቂያ አገኘች። የቱታ መረከቢያ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ስም ዝርዝር፣ ስለ ተሰበረ የመጸዳጃ ቤት በር በተከታታይ የተጻፉ ሰባት ማመልከቻዎች። ሰዎቹ ስለ ሁሉም ነገር ጽፈዋል። ከፋብሪካው በየቀኑ ይወጣ ስለነበረው ዝቃጭ ግን አንዲት መስመር የለችም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን እጇ አቧራ በአቧራ ሆኖ ተመለሰች።

«እንዴት ነው ልጁ?» አለች ሰዓዳ ክሩን ከገንዳው እያወጣች።

«የለም። እንዳልተወለደ ነው።»

«ታዲያ የፋብሪካ ካርቶን ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ? ልጅ ከሆነ ቀበሌ ሂጂና የልደት ካርዱን አውጪለት!»

ሁለቱም ሳቁ። ከሳቁ ቆይተው ነበር። ማንያህልሻል ግን ማታውን አስባበት ኖሮ፣ በማግስቱ ሌላ የሚሞከር ስላልነበራት ብቻ፣ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ የ2008ን የልደት መዝገብ ጠየቀችው። ዓመቱን የመረጠችው በርሜሉ ሥር ከተቀረጸው የምርት ዓመት ተነስታ ነው። ሰውየው የዘመድ ጉዳይ መስሎት አምስት ጥራዝ አወጣላት። በሦስተኛው ጥራዝ፣ በአንዲት ሕፃን ረድኤትና በመንታ ወንዶች መካከል፣ አገኘችው።

ቅጹ የቀበሌ የልደት ማስመዝገቢያ ቅጽ ነው። በደቃቅ፣ በተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት ተሞልቷል።

የልጁ ስም፦ ዝቃጭ፣ ቁጥር 1። ጾታ፦ የለውም። ሲወለድ የነበረው ክብደት፦ 184 ኪሎ። የተወለደበት ቦታ፦ ወይራ አምባ ቆዳ ፋብሪካ፣ ማልፊያ ክፍል። የተወለደበት ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2008። የአባት ስም፦ የክሮም ውሃ። የአያት ስም፦ የኖራ ገንዳ። ቅጹ ከአያት በላይ ቦታ ስለሌለው ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገልብጣ ቀጥላለች። ቅድመ አያት፦ በጨው ያደረ ቆዳ። ቅም አያት፦ ጥሬ ቆዳ። ምንጅላት፦ የከተማው ቄራ። እንጅላት፦ የቅዳሜ ገበያ። ፍናጅላት፦ ወይኖ የሚባል በሬ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው፣ የአያ ደምሌ።

የእናት ስም፦ ፌቨን አበጋዝ።

ከሥሩ የቀበሌው ክብ ማኅተም በደንብ አርፏል። ማኅተሙን የመታው ሰው አላነበበውም።

ጋሽ ይርዳው ወረቀቱን ሲያዩ መጀመሪያ መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን ሳያስነኩ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሕጉ የወጣው በስንት ነው?» አሉ።

«በሠላሳ አንድ አይደለም?»

«በሠላሳ አንድ። ይኼ ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ነው። ስንሠለጥን፣ ሰባት ቤት የመቁጠሩን ነገር ከየት አመጣችሁት ብለን አስተማሪያችንን ጠይቀነው ነበር። አርቃቂዎቹ ከአንድ ፋብሪካ አሠራር ወሰዱት ይባላል፣ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም አለን። እኔ ደግሞ ትልቅ ፋብሪካ፣ ትልቅ ባለሙያ አድርጌ አስበው ነበር።» እንደገና ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ። «የኛ ሰባተኛ ቤት የመርከብ ቁጥር ነው፣ ማንያህልሻል። የዚች ልጅ ሰባተኛ ቤት በሬ ነው። ስም ያለው በሬ።»

በሕግ ወላጁ ፋብሪካው ነበር፤ ፋብሪካው ሞቷል። እናቱ በሕይወት ካለች መጥታ በአፏ መመስከር አለባት። ከመሰከረች ዘሩ ይሞላል፣ በርሜሉ ማደሪያ ይገባል፣ ወርክሾፑ ይተርፋል። ጥየቃው ግን እስከ ሰባት ቤት የእናቲቱና የልጆቿ ይሆናል። ጋሽ ይርዳው ይህን ሲናገሩ ማንያህልሻል ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

ፌቨን አበጋዝ ከወይራ አምባ ወጥተው አያውቁም። ከወርክሾፑ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከልጅ ልጃቸው ከናርዶስ ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሁለት ነው። ትንሽዬ ሴትዮ ናቸው፤ እንግዳ ሲገባ ከወንበራቸው ይልቅ ግድግዳውን የሚጠጉ ዓይነት።

ማንያህልሻል ከጋሽ ይርዳው ጋር ሄዳ ወረቀቱን ስትዘረጋላቸው እማማ ፌቨን ወዲያው በመዳፋቸው ሸፈኑት፣ ናርዶስ እንዳታየው ያህል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከልደት መዝገብ።»

«ከልደት…» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አስቀመጡት ማለት ነው። ሰውየው እኮ አላየውም፤ ማኅተሙን ዷ አድርጎ ቀጣይ አለ።»

«ለምንድን ነው በዚህ ቅጽ የሞሉት፣ እማማ?» አሉ ጋሽ ይርዳው። እሳቸውም ስልሳ እየተጠጉ «እማማ» ሲሉ ልጅ ይመስላሉ።

«ሌላ ቅጽ አልነበረማ። ለቱታ ቅጽ አለ፣ ለሳሙና ቅጽ አለ። ለዝቃጩ የለም። አለቃዬን ብጠይቀው ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ወይም አትጻፊው አለኝ። እኔ ደግሞ ለእህቴ ልጅ የልደት ካርድ ላወጣ ቀበሌ ሄጄ አንድ ትርፍ ቅጽ ተሰጥቶኝ ነበር። ሁሉም ሳጥን ካልተሞላ አንቀበልም የሚል ከላዩ ተጽፎበታል። የእናት የሚለው ባዶ ሲሆንብኝ…» ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። «ክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።»

«ሰባት ቤት የቆጠሩትስ?»

«በዚያው ወር ሰው ጠይቆኝ ነበር፤ ለጋብቻ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲቆጥሩ አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኘን። ቀረ።»

«አዝነው ነበር?» አለች ናርዶስ። ይህን ታሪክ እሷም ገና መስማቷ ነው።

«ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። አባቴ ግን ደስ አለው። ደግ፣ በጊዜ ተቆጠረ፣ ሳይቆጠር ቢሆን ኖሮ ከልጆቻችሁ ላይ ነበር የሚወጣው አለኝ። ሥራ ስገባ በርሜሎቹን ወደ ወንዝ ዳር ሲያንከባልሏቸው አየሁና፣ እነዚህንስ ማን ቆጠራቸው? አልኩ። የቆዳ ነጋዴውን ጠየቅሁት፤ ከሁለት መቶ ቆዳ የአንዱን በሬ አስታወሰልኝ። ለመሙላት ያህል ነው እንግዲህ።»

አለቃቸው ቅጂውን አግኝቶት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ክበቡ ሞልቶ ሳለ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ አነበበው። «እልል በሉ! ፌቨን በርሜል ተገላገለች!» አለ። ሴቶቹ ከወጥ ቤት ወጥተው በእውነት እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት፣ ሥራውን እስክትለቅ ድረስ፣ ፌቨን ብሎ የጠራት የለም። የዝቃጭ እናት ነበረች።

«አንድ ልጅ ብቻ አልሳቀም» አሉ እማማ ፌቨን። «አዲስ የመጣ መሐንዲስ። ቅጂውን ስጭኝ ብሎ ወስዶ፣ በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ አፍር ነበር። በኋላ ሕጉ ሲወጣ፣ በራዲዮ ምንጅላት እንጅላት ሲሉ ስሰማ፣ እኔ ነኝ እንዴ? እላለሁ። ደግሞ እደነግጥና ራዲዮውን እዘጋለሁ።»

ማንያህልሻል በየሐሙሱ በየከተማው ደጃፍ ላይ የሚቆሙትን ሰዎች አሰበች፤ ከጨው ሜዳው ሥር የቆሙትን፣ መጨረሻቸው የማይታየውን ረድፎች። ይህ ሁሉ ባዶ ሳጥን መተው ከፈራች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እጅ ወጣ። ሴትዮዋ ደግሞ ተሳስተው እንደተያዙ ሰው ጣቶቻቸውን እያፍተለተሉ ተቀምጠዋል።

«እናቱ ነኝ ብለው ይመሰክሩልኛል?» አለች በመጨረሻ። ጥየቃው በልጆቻቸው ላይ እንደሚወድቅም አልደበቀችም።

«እመሰክራለሁ። ለየትኛው?»

«እንዴት ለየትኛው?»

«አርባ ናቸው እኮ» አሉ እማማ ፌቨን። «አራት ረድፍ፣ አሥር አሥር፣ አሁን ወርክሾፕሽ ካለበት ሥር ድረስ። የአንድ ቀን፣ የአንድ ገንዳ ልጆች። እኔ ጋ የነበረው ቅጽ አንድ ስለሆነ ነው አንዱን ብቻ የጻፍኩት።»

ማንያህልሻልና ጋሽ ይርዳው ደረጃውን ወረዱ። ከሕንጻው በታች ጋሽ ይርዳው ቆም አሉ።

«እኔ የመጣሁት ስለ ቁጥር አንድ ነው» አሉ መንገዱን እያዩ። «ሌላ የሰማሁት ነገር የለም። ጆሮዬ እንደምታውቂው ከጊዜ ወዲህ ልክ አይደለም።»

ማንያህልሻል ምን እየሰጧት እንደሆነ ገባት። አንዱ በርሜል ይወጣል፣ ወርክሾፑ ይተርፋል፣ ሠላሳ ዘጠኙ ከወለሉ ሥር ይቀራሉ፤ እሷና ጋሽ ይርዳው ዝም ካሉ እማማ ፌቨንን የሚጠይቅ የለም። አርባው ከተነገረ ግን ወለሉ ይፈርሳል። ከአንድ ጉድጓድ ስለሆኑ የሠላሳ ቀኑ ገደብም ያው ነው፤ ስምንት ቀን ቀርቷል። አንዱ እንኳ ሳይቆጠር ቢቀር ሁሉም ነገር ያበቃል።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላቸው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ወርክሾፑን ከፈተች። ገንዳዎቹ በቦታቸው ናቸው። ሰዓዳ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆኖ ክር ታጥባለች፤ ውሃው ከጓሮው የውሃ ጉድጓድ የሚሳብ ነው። ማንያህልሻል ወደ ቢሮዋ ልትሄድ አንድ እርምጃ ተራመደች። ከሥሯ ማን እንዳለ ታውቃለች፤ እነሱ ግን አልተጠሩም። ሁለተኛውን እርምጃ መራመድ አቃታት። እንደ ቆመች ስልኳን አወጣች።

«ጋሽ ይርዳው፣ ጆሮዎ እንዴት አደረ?»

«ምነው?»

«አርባ ናቸው።»

በወዲያኛው በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «አሁን ሰማሁ» አሉ።

ቁፋሮው ሰባት ቀን ፈጀ። ገንዳዎቹ ተነሱ፣ ወለሉ ተሰበረ። እማማ ፌቨን በናርዶስ ክንድ ተደግፈው እየመጡ በከዘራቸው ያመለክቱ ነበር፤ እዚህ፣ ከዚህ ሁለት እርምጃ፣ አሁን ወደ ወንዙ። ስልሳ ዓመት ሙሉ የዞሩበት ቤት ያህል ያውቁታል። አንድም ጊዜ አልሳቱም። አሥራ አንዱ በርሜሎች ማፍሰስ ጀምረው ነበር፤ ከሥራቸው ያለው አፈር አረንጓዴ ሆኗል። ሰዓዳ ያንን አፈር አይታ እጆቿን አገላበጠች፤ ቀልድም አልቀለደች።

«አያቴ፣ አርባ በርሜል ልንጠይቅ ነው እንግዲህ?» አለች ናርዶስ።

«ሁሉም አንድ ቦታ ናቸው። በአንድ ጉዞ ያልቃል።»

መጋቢት ሦስት ቀን አርባው በርሜሎች በወንዙ ዳር በአራት ረድፍ ቆሙ። ሕጉ ወንድማማች ብሎ ጅምላ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠርቶ፣ ተመዝኖ፣ ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል። ለአንዱ አሥር ደቂቃ ይበቃል። በአራት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። ወሬው ስለተሰማ ከአጎራባች ወረዳዎች ቆጣሪዎች መጥተው ነበር፤ ሃያ የሚሆኑ፣ ከነደንብ ልብሳቸው። ማንም ሳያዛቸው ቆባቸውን አውልቀው በብብታቸው ይዘዋል።

«ማን ነህ?» አሉ ጋሽ ይርዳው የመጀመሪያውን መታ አድርገው።

«ዝቃጭ ነኝ» አሉ እማማ ፌቨን።

«ድምፅ ይጨምሩ፣ እማማ።»

«ዝቃጭ ነኝ!»

«አባትህ?»

«የክሮም ውሃ።»

ቅድመ አያቱ ተቆጠረ። ምንጅላቱ ተቆጠረ። «ፍናጅላትህ?» ሲባል «ወይኖ፣ የአያ ደምሌ በሬ» የሚለው ቃል በወንዙ ላይ ሲሄድ፣ ከቆጣሪዎቹ አንዱ ዓይኑን ሲጠርግ ማንያህልሻል አየች። በሕይወታቸው ሁሉ የመርከብ ቁጥር ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻም በየዓመቱ ማን እንደሚመጣለት ለማወቅ «የሚጠይቅህ?» ተብሎ «ፌቨን አበጋዝ» ተመለሰ፤ ማኅተሙ አረፈ።

ሁለተኛው። አምስተኛው። ከአሥረኛው በኋላ ወንበር አመጡላቸው፤ ተቀምጠው ድምፄ አይወጣም ብለው ተመልሰው ቆሙ። ያቺ ግድግዳ የምትጠጋ ሴትዮ የለችም። በአንድ ክበብ ውስጥ ተነብቦ የተሳቀበት ቃል አሁን በሙሉ ድምፃቸው ይወጣል፤ ከኋላቸው የቆመው ሕዝብም ከሃያኛው ጀምሮ በሬው ጋ ሲደርሱ አብሯቸው ይላል። ወይኖ። ሠላሳ ጊዜ ተጠራ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ከስልሳ ዓመት በፊት ሜዳ ላይ የጋጠ በሬ ተመልሶ መጥቶ ከወንዙ ማዶ የቆመ ይመስል ነበር። ማንያህልሻል ወደ ማዶ ላለማየት ታገለች፤ ከዚያ አየች። ሣር ብቻ ነው። ግን ሌሎቹም እያዩ ነበር።

ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ድምፃቸው መሻከር ጀመረ። ውሃ ጠጡ። ሠላሳ ዘጠነኛውን በሹክሹክታ ጨረሱ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከአርባ አምስት ነው።

«ማን ነህ?» አሉ ጋሽ ይርዳው አርባኛውን።

እማማ ፌቨን አፋቸውን ከፈቱ። አየር ብቻ ወጣ። ጉሮሯቸውን ይዘው እንደገና ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለም። ናርዶስ ልትናገር ፈለገች፤ ጋሽ ይርዳው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። እናት ራሷ ቆማ ሳለች የልጅ ልጅ አይተካም።

ሕዝቡ ሁሉ ሰዓቱን ይመለከት ጀመር። ሰዓዳ በሁለት እጇ ራሷን ይዛለች። አንድ በርሜል ሳይቆጠር ከቀረ ሠላሳ ዘጠኙ ሄደው እሱ እዚሁ ይቀራል፣ አጥር ይታጠርበታል፣ ክር ማቅለሚያውም ከአጥሩ ውስጥ ነው።

«ወላጅ» አሉ ጋሽ ይርዳው ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣ ሕጉን በቃላቸው ከመጀመሪያው ጀምረው። «ወይም አሳዳጊ።»

ማንያህልሻል ከሠላሳ ቀን በፊት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይህን ቃል መስማቷን አልረሳችም። ሠላሳውን ቀን ሁሉ ስትሸሸው ነው የኖረችው። ዛሬ ሰባቱ ቤቶች ስለታወቁ በርሜሉ ይሄዳል፤ የማይሄደው ጥየቃው ነው። በየዓመቱ ያ አሳንሰር፣ ያ መውረድ፤ ከእሷ በኋላ ደግሞ ገና ያልተወለዱ፣ ስማቸውን የማታውቃቸው ሰዎች፣ ለአንድ ቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ፣ ሰባት ትውልድ ሙሉ።

ወደ አርባኛው ተራመደች። መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች፤ ከመሬት ሥር ስለቆየ ይቀዘቅዛል።

«ማን ነህ?» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«ዝቃጭ ነኝ» አለች።

«አባትህ?»

«የክሮም ውሃ።»

«አያትህ?»

«የኖራ ገንዳ።»

እማማ ፌቨን መጥተው ከጎኗ ቆሙ። ድምፅ የሌለው ከንፈራቸው ከእሷ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። በጨው ያደረ ቆዳ። ጥሬ ቆዳ። የከተማው ቄራ። የቅዳሜ ገበያ። ፍናጅላቱ ሲጠየቅ ማንያህልሻል ብቻዋን አልመለሰችም፤ ወንዝ ዳር የቆመው ሰው በሙሉ በሬውን ጠራው።

«የሚጠይቅህ?» አሉ ጋሽ ይርዳው። ማኅተሙ በአየር ላይ ነው።

«እኔ» አለች ማንያህልሻል፤ ይህን ጊዜ በበርሜሉ ፋንታ ሳይሆን በራሷ።